በስቴፕለር የተዘጋው ገጽ

የታዳጊ አንባቢያን ሽልማት ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን አምስት መጻሕፍት ስም ይፋ ባደረገ ዕለት፣ የርሆቦት ደስታ የቆየው አርባ ሰከንድ ያህል ነው። ዝርዝሩ በቴሌግራም ሲደርሳት መገናኛ አካባቢ በምትሠራበት የመጽሐፍና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ቆማ ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ «ቀበና ሲሞላ» የሚለውን የራሷን መጽሐፍ አየች። እልል ልትል ስትል ዓይኗ አራተኛው መስመር ላይ ወደቀ። «የባቡሩ የኋላ ወንበር»፣ በጫልቱ ኢታና። እልልታው ቀረ።

ጫልቱ ጠላቷ ብትሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ጓደኛዋ ናት፤ ያውም የልብ ጓደኛዋ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ታዳጊዎችን አብረው አስተምረዋል፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ሄዳለች። የማታውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ርሆቦት ቅር እያላትም አጨብጭባ ቤቷ ትገባ ነበር። ሰውን የሚያንገበግበው አጠገቡ ተቀምጦ ከአንድ ትሪ ሽሮ የበላው ሰው ብድግ ብሎ ሲቀድመው ነው።

ደግሞስ አጻጻፉ። «ቀበና ሲሞላ» ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። ርሆቦት ቀበና ወንዝ ዳር ተወልዳ ያደገች ናት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ምን እንደሚያስፈራ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጽፋዋለች፣ ሁለት አሳታሚዎች መልሰውባታል፣ ዓይኗ መነጽር ያስፈለገው በእሱ ምክንያት ነው። ጫልቱስ? አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ የምትኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ጠዋትና ማታ በባቡር ትመላለሳለች። መጽሐፉን ባቡር ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ መያዣውን ብረት ይዛ፣ በሌላው እጇ አውራ ጣት ስልኳ ላይ በሰባት ወር ጻፈችው። በአውራ ጣት። «ጫልቱ» የሚለው ስሟ ራሱ በኦሮምኛ «የምትበልጥ» ማለት ነው፤ ወላጆቿ አስቀድመው የተነገራቸው ይመስል።

ሐምሌ ላይ ጫልቱ ከማተሚያ ቤቱ የወጣውን የመጀመሪያውን ኮፒ ይዛ መደብሩ ድረስ መጥታ ነበር። ቀለሙ ገና ይሸታል፤ መሀል ላይ ደግሞ ጫፋቸው በደንብ ሳይቆረጥ የተያያዙ ሁለት ቅጠሎች አሉበት። «ይቅርታ፣ መጀመሪያ ለአንቺ ልስጥ ብዬ እኮ ነው» ብላ ፈርማ ሰጠቻት። ርሆቦት አመሰገነች፣ አገላብጣ ሽፋኑን አየች፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፣ ከዚያም ከመደርደሪያው ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ወር ቆይታ ጫልቱ «አነበብሽው?» አለቻት።

«አዎ» አለች ርሆቦት።

«እና?»

«ደስ ይላል። ይፈሳል።»

ጫልቱ ትንሽ አየቻትና የአንገት ልብሷን አስተካክላ «እሺ» አለች። ነገሩ በዚህ አለፈ፤ ወይም ርሆቦት አለፈ ብላ ገመተች።

ሁለቱ ሌላ ሰው የማያውቀው ውል አላቸው። የጸሎት ጓደኛሞች ናቸው። በየቅዳሜው ማለዳ ፈረንሳይ የታክሲው መጨረሻ ላይ ይገናኙና ሽቅብ የእንጦጦን ዳገት ይያያዙታል፤ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ የሚልበት፣ ከእንጦጦ ማርያም የቅዳሴው ድምፅ በነፋስ መጥቶ የሚሄድበት አንድ ጥግ አላቸው። እዚያ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ እያንዳንዷ በየፊናዋ በዛፎቹ መሀል እየተመላለሰች ጮክ ብላ ትጸልያለች። ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም።

ውሉ አንድ ሕግ አለው። ስለ ራስ ጉዳይ መጸለይ አይፈቀድም። አንቺ ስለ እሷ፣ እሷ ስለ አንቺ። ሕጉን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ርሆቦት ናት፤ ከስምንት ዓመት በፊት «ሁላችንም የየራሳችንን ስንጮህ ገበያ መሰለ እኮ» ብላ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደብተር ይዘዋል። የጸሎት ርዕስ ሲኖር ደብተር ይለዋወጣሉ፤ ባለ ጉዳይዋ በጓደኛዋ ደብተር ላይ በገዛ እጇ ጽፋ ትመልሳለች። ጸሎቱ ሲመለስ ደብተሩን የያዘችው ከሥሩ ቀኑን ታሰፍራለች። የጫልቱ እናት የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን አለው። የርሆቦት ወንድም ከቤሩት በሰላም መመለስም ቀን አለው። በስምንት ዓመት ውስጥ ቀን ሳይጻፍለት የቀረ ገጽ ከሦስት አይበልጥም።

ዝርዝሩ በወጣ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ጫልቱ ዳገቱ ሥር ጠብቃ እቅፍ አደረገቻት። «ሁለታችንም ገባን አይደል» አለች። ፊቷ ላይ ምንም የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ ርሆቦትን ይህ ራሱ አናደዳት። ላይ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ደብተር ተለዋወጡ። ርሆቦት ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም። «ሽልማቱን እንዳገኝ» ብላ ጻፈች። ሲያዩት ትንሽ ዓይን ያወጣ መሰላትና «ለክብሩ» የሚል ጨመረችበት።

ጫልቱ ግን ቆየች። ስክሪብቶውን ነክሳ ዛፎቹን አየች፣ ጻፈች፣ እንደገና አየች፣ ጻፈች። አራት አምስት መስመር ይሆናል። ደብተሩን ስትመልስ «አደራ» አለች።

ርሆቦት አልከፈተችውም። ቤቷ ገብታ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ምን እንዳለበት ለማወቅ ማንበብ አያስፈልጋትም፤ «እንዳሸንፍ» የሚለውን ቃል በጫልቱ ክብ ክብ ፊደል ማየት ነው ያልቻለችው። አንዴ ካየችው በየቅዳሜው አፏን ከፍታ ልትለው ነው። ሕጉን አውጥታለችና መሻር አልሆነላትም። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ስለሆነች ቦርሳዋ ውስጥ ስቴፕለር አይጠፋም። ገጹን ለሁለት አጠፈችና ጠርዙን በአራት ሽቦ መታችው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀለላት።

እንግዲህ ጸሎቱ እንዴት እንደሄደ እግዚአብሔርና ባሕር ዛፉ ያውቃሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ «ጌታ ሆይ፣ ጫልቱን ባርካት» አለችና ሌላ ቃል ስታጣ መዝሙር ጀመረች። በሁለተኛው «ፈቃድህ ይሁን» አለች፤ ይህ ምንም ስለማያስጠይቅ ሦስተኛውንም በዚያው አሳለፈችው። በአምስተኛው ቅዳሜ «የሚገባው ያሸንፍ» አለች፤ የሚገባው ማን እንደሆነ ደግሞ በልቧ ጥርጥር የለም። በሰባተኛው ላይ ድንገት ራሷን ስትሰማው፣ የሽልማቱ ዳኞች ከሆኑት ሃያ አራት ተማሪዎች ስንቱ ከቀበና ትምህርት ቤቶች እንደመጡ እየቆጠረች ነበር። ደንግጣ ዞር ብላ አየች። ጫልቱ ከሩቅ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን እያወናጨፈች ትለምናለች። ይቺ ደግሞ እያስመሰለች ነው፣ አለች ርሆቦት በልቧ። እኔ የማልችለውን እሷ ከየት አምጥታ ትችለዋለች?

መደብሩም ውስጥ ተንኮሏን አልተወችም። «የባቡሩ የኋላ ወንበር» ከጂኦሜትሪ ሳጥኖቹ ጀርባ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበር ቦታው። ጠዋት እሷ ታወርደዋለች፣ ከሰዓት የመደብሩ ባለቤት ጋሽ ጠሀ ያወጡታል።

«ርሆቦት፣ ይሄ መጽሐፍ እግር አለው እንዴ?» አሏት አንድ ቀን።

«ልጆቹ እያነሱ የትም ያስቀምጡታል፣ ጋሽ ጠሀ።»

«ልጆቹማ ይዘውት ወደ እኔ ነው የሚመጡት» አሉና ፊት ለፊት፣ ከ«ቀበና ሲሞላ» አጠገብ አቆሙት።

ሽልማቱ የተሰጠው ጥር መጨረሻ ላይ፣ አርብ ከሰዓት፣ የካ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ዳኞቹ ራሳቸው አንባቢዎቹ ነበሩ፤ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው፣ ዩኒፎርም የለበሱ፣ አምስቱን መጽሐፍ ለሁለት ወር ሲያነቡና ሲከራከሩ የቆዩ ልጆች። ትንሳኤ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማይክሮፎኑን ይዛ ከወረቀት አነበበች። ከሁለተኛው ጀመረች።

«ሁለተኛ የወጣው ‹ቀበና ሲሞላ› ነው። በሁለት ድምፅ ነው የተበለጠው። ስለ ወንዙ የተጻፈው በጣም ሪል ነው፣ እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። ግን መጽሐፉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚመክረን ትልቅ ሰው አለ። አያትየው ይመክራል፣ መምህሩ ይመክራል፣ ጎረቤትየዋ ትመክራለች። ለምክርማ ምክር ቤት አለን።»

አዳራሹ ሳቀ። ርሆቦትም ሳቀች፤ ሰው እያያት ስለነበር። ጆሮዋ ግን ጋለ። አሸናፊው ሲጠራ ማን እንደሆነ ለመስማት ጆሮ አላስፈለጋትም። ጫልቱ መድረክ ላይ ወጥታ የወርቅ ቀለም ያለው ክብ ስቲከር ሽፋኑ ላይ የተለጠፈበትን መጽሐፏን ተቀበለች፤ ተቀብላም በዓይኗ ሰው መፈለግ ጀመረች። ርሆቦት መዳፏ እስኪቃጠል አጨበጨበች። ዓይኗ ከዓይኗ ሊገጥም ሲል ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ልታስር ሞከረች። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

በማግስቱ ቅዳሜ «ጉንፋን ይዞኛል» የሚል መልእክት ልካ ተራራ ሳትወጣ ቀረች። በስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ጫልቱ «ይማርሽ፣ ይማርሽ» ብላ ብቻ መለሰች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጠሀ አንድ ካርቶን መጽሐፍና አንድ ጥቅል ስቲከር መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። «መቶ ሃያ ነው። ትምህርት ቤቶች ነገ ይወስዱታል። ሳይጣመም ለጥፊልኝ፣ እጅሽ ጥሩ ነው» አሉና ወደ ባንክ ሄዱ። ርሆቦት አንዱን ስቲከር ላጠች። ክብ ነው፣ ያብለጨልጫል። ከጫልቱ ስም አጠገብ፣ በገዛ አውራ ጣቷ ጫን ብላ ለጠፈችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አሥረኛው ላይ ስትደርስ እንባዋ ሽፋኑ ላይ እንዳይወርድ ራሷን ወደ ኋላ ወሰደችው። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ዘጠኝ ዓመት ጽፌ የሌላ ሰው ሽልማት የምለጥፍ እኔ ነኝ፣ አለች።

ከዚያ ሕጉ ትዝ አላት። የጫልቱ ጸሎት ተመልሷል፤ ቀን መጻፍ አለበት። ከነንዴቷ ሕግ ታከብራለች። ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፣ የስቴፕለሩን ሽቦዎች በጥፍሯ አንድ በአንድ ነቀለች፣ ገጹን ዘረጋች። ክብ ክቡ የጫልቱ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ርሆቦት መጽሐፌን እንድታነበውና የልቧን እንድትነግረኝ። አንብቤዋለሁ ብላኛለች። መደብሩ ሄጄ ስክሪብቶ ስፈልግ መሳቢያዋ ውስጥ አየሁት፤ የተያያዙት ቅጠሎች እንደተያያዙ ናቸው። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይለኛል፤ እኔ ግን እሷ እስክትነግረኝ አላምንም። መጻፍ የጀመርኩት እሷን አይቼ ነው።»

ስለ ሽልማቱ አንዲት ቃል የለም። ርሆቦት መጀመሪያ ገጹን አገላበጠችው፤ ሌላ ቦታ ይኖር ይሆናል ብላ። የለም። አሥራ አንድ ቅዳሜ ያልጸለየችለት ነገር፣ ማንንም ሳትለምን እሷው ራሷ በአንድ ከሰዓት ልታደርገው የምትችለው ነገር ነበር። እፍረቱ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ወረራት።

መሳቢያውን ከፈተች። ስቲከሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ወንበር ስባ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ደንበኛ ሲመጣ በአንድ እጇ ስክሪብቶ ትሸጣለች፣ በሌላው ገጹን ይዛለች። ታሪኩ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀርታ ከአያት ተነስቶ የሚሄደው ባቡር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ትመላለሳለች። አንድ ቀን አባቷን እዚያው ባቡር ውስጥ ታያለች። አባትየው ከሥራ ከተባረረ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ለቤተሰቡ አልተናገረም፤ ከረባቱን አስሮ ይወጣና እሱም ይመላለሳል።

የተያያዙት ቅጠሎች ጋ ስትደርስ ምላጭ አመጣችና ጠርዙን ቀስ ብላ ቆረጠችው። አባትና ልጅ ባቡር ውስጥ ፊት ለፊት የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። ሁለቱም መሸሻ የላቸውም። አባትየው «ትምህርት እንዴት ነበር?» ይላታል። እሷም «ደህና። ሥራ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። «ደህና» ይላል። ከዚያ አጠገቧ ይቀመጥና አብረው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዳሉ። ማንም ማንንም አይመክርም።

ርሆቦት መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀናች። እስከ ዛሬ የቀናችው በሽልማቱ ነበር፤ አሁን የቀናችው በእነዚያ ሁለት ገጾች ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የባሰ ያማል። እሷ ብትጽፈው አባትየው ስለ ሐቀኝነት አንድ ገጽ ተኩል ይናገር እንደነበር በደንብ ገባት። ጋሽ ጠሀ ከባንክ ሲመለሱ አሥር መጽሐፍ ብቻ ተለጥፎ አገኙ።

«ምነው፣ ስቲከሩ አለቀ?»

«እያነበብኩ ነው፣ ጋሽ ጠሀ። የቀረውን ነገ በጠዋት ገብቼ እጨርሳለሁ።»

አዩዋት፣ መጽሐፉን አዩ፣ ወንበር ስበው እሳቸው መለጠፍ ጀመሩ። ሁሉንም አጣመሙት።

ቅዳሜ ፈረንሳይ ቀድማ የደረሰችው ርሆቦት ናት። ዳገቱን ሲወጡ ስለ ጉንፋኑ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ብርዱ ተነጋገሩ። ጥጋቸው ሲደርሱ ጫልቱ እንደ ልማዷ ወደ ዛፎቹ ልትሄድ ስትል ርሆቦት ክንዷን ያዘቻት።

«አነበብኩት።»

ጫልቱ ቆመች። «መቼ?»

«ሰኞ። የተያያዘውን በምላጭ ቆርጬ።»

ጫልቱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ መድረክ ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራችም። «እሺ፣ ንገሪኛ።»

«ሰባተኛው ምዕራፍ ይረዝማል። አክስቷ ለምን እንደመጣች አልገባኝም፤ ብትቀር ማንም አይፈልጋትም።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

«አባትየውና ልጅቷ ባቡር ላይ የተገናኙበት ግን…» ርሆቦት አጠገቧ ተቀመጠች። «ጫልቱ፣ እኔ እሱን መጻፍ አልችልም። አንጀቴ እስኪያር ነው የቀናሁት። ዝርዝሩ ከወጣ ጀምሮ እየቀናሁብሽ ነበር። ገጽሽን እንኳ አላነበብኩትም፣ በስቴፕለር ዘግቼ ነው የያዝኩት። አሥራ አንዱንም ቅዳሜ ስለ አንቺ አልጸለይኩም። አሁንም እየቀናሁ ነው፤ አልፎልኛል ብዬ አልዋሽሽም።»

ጫልቱ ከኪሷ ስክሪብቶ አውጥታ ዘረጋችላት።

«ቀኑን ጻፊ።»

ርሆቦት ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አራቱ የሽቦ ቀዳዳዎች ካሉበት ጠርዝ አጠገብ ቀኑን ጻፈች። ጫልቱ ደግሞ የራሷን ደብተር ከፈተችና «ሽልማቱን እንዳገኝ። ለክብሩ» የሚለውን ገጽ አየችው። ከሥሩ ባዶ ነው።

«እኔ ጋ ያለው አልተመለሰም» አለች።

«በእውነት ጸልየሽልኝ ነበር?»

«በየቅዳሜው። ከልቤ።» ጫልቱ ደብተሩን ዘጋችው። «አንድ ቅዳሜ ብቻ አልቻልኩም። ያን ቀን ዛፍ ተደግፌ ዝም ብዬ ቆሜ ወረድኩ።»

«ለምን?»

ጫልቱ አንገቷን ደፋች። «በዋዜማው ‹ቀበና ሲሞላ›ን ጨርሼ ነበር። ልጅቷ እናቷን ፍለጋ በጎርፉ መሀል የገባችበትን ካነበብኩ በኋላ፣ እንድታሸንፊ ልለምን አፌን ብከፍተው እምቢ አለኝ። ባቡር ውስጥ የጻፍኩት ሁሉ የልጅ ጨዋታ መሰለኝ። በሳምንቱ ጌታን ይቅርታ ጠይቄ ነው የቀጠልኩት።»

ከማርያም የሚመጣው ድምፅ ቀረብ ብሎ ተሰማና ነፋሱ መልሶ ወሰደው። ርሆቦት ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ጓደኛዋ ስትሰቃይ ኖራለች። ግን ደስ አላት። ሊደበቅ የማይችል፣ ጉንጯን የሚስብ ደስታ ነበር፤ ሃያ አራቱም ልጆች ድምፃቸውን ቢሰጧት እንዲህ አይሆንም ነበር።

ሲወርዱ መንገዱ አጋማሽ ድረስ ታገሰች። ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«የትኛው ገጽ ላይ ነው አፍሽ እምቢ ያለው?» አለች።

ጫልቱ ሳቀችና ነገረቻት። ፈረንሳይ ታክሲው ጋ እስኪደርሱ ድረስ ርሆቦት ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።